የጋሽ ታዬ ትከሻና ርካሹ ኪቦርድ

ሰው ብቻውን የሚገዛው ዕቃ ቢኖር ክብሪት ነው። እሱንም ቢሆን ባለሱቁን «ይኼኛው ይጭራል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይከፍልም። ከክብሪት ከፍ ያለ ነገር ከሆነ ግን ጉዳዩ የጋራ ይሆናል። ቁም ሣጥን የሚገዛ እንጨት የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ራዲዮ የሚገዛ ቢያንስ አምፖል ቀይሮ የሚያውቅ ጎረቤት ያስከትላል፤ በግ የሚገዛማ ላት የሚጨብጥ፣ ጥርስ የሚያይና ከነጋዴ ጋር የሚከራከር ለየብቻ ያሰልፋል። አትሳቁ። እናንተም ባንዱ ዓመት በዓል የሰው በግ ላት ጨብጣችሁ «ይኼስ ይቅርብህ» ብላችኋል።

የዚህ ልማድ ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይብሳል። ዕቃውን አጥብቆ የሚፈልገው ሰው ገበያ አይወጣም። ለምን ቢባል፣ ዓይኑ ያሳብቅበታላ! ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ የሚያነበው ከፈላጊው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ፈላጊው ቤቱ ይቀመጥና የማይፈልጉት ሰዎች ሄደው ይመርጡለታል። በዚህ ዘዴ ስንቱ ሰው ያልፈለገውን ነገር በርካሽ እንደገዛ እግዜር ይወቀው።

እኛም ኪቦርድ የገዛነው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው የሚያስጮኹበት፣ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ታቅፎ «ባንድ ነኝ» እያለ ሰርግ የሚያጫውትበት ዘመን። የምንኖረው ላፍቶ ነበር፤ ከሀና ማርያም ወዲህ፣ ከአጥራችን ጀርባ ገና ጤፍ በሚዘራበት ሰፈር። ባለቤቴ አስካለ በደጉም በክፉም ጊዜ ትዘፍናለች። በልጅነቷ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውላ ስለምትገባ ድምጿን የሚሰማው የልብስ ማጠቢያው ሳፋና የጎረቤት ሰርገኛ ብቻ ሆነ። እሷ እያጠበች ስትዘፍን መንገደኛው አጥራችን ሥር የጫማውን ማሰሪያ ሊያስር ይቆማል። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገ ሰው ሲጎነበስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ አንድ ሰርግ ላይ የሙዚቃ ቤት ባለቤት የሆነ ሰው ሰማት። ከፋሲካ በኋላ ለሚያገቡ ሙሽሮች የሚሸጥ የሰርግ ዘፈን ካሴት እያዘጋጀ መሆኑንና የአንድ ዘፈን ቦታ እንደቀረው ነገራት። «በባዶ ድምፅ ግን አልቀበልም፤ ሙዚቃ ይኑረው። ቤታችሁም ቢሆን ቅዱትና ጾም ሳይገባ አምጪልኝ» አላት። አስካለ ቤት ገብታ ስለ ጉዳዩ እንደ ዋዛ አወራችኝ። ያን ዕለት ግን ወጡ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች። ከተጋባን ጀምሮ ጨው ስታ የማታውቅ ሴት ናት። ነገሩ ምን ያህል ልቧ ውስጥ እንደገባ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እኔም ያን ጨው እየዋጥሁ እንዲሳካላት ከልቤ ተመኘሁ።

ኪቦርድ ሊገዛ ነው ሲባል መካሪ አልጠፋም። መጀመሪያ ጋሽ በዳዳ መጡ። ጋሽ በዳዳ የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው፤ ፉሪ በኩል እርሻ አላቸው፣ ከእርሻው ጎን ለጎን ከብት ይነግዳሉ። በሰፈራችን እሳቸው ያልተከራከሩበት ዕቃ እንደተገዛ አይቆጠርም። ቀጥሎ ጋሽ ታዬ መጡ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ለሙዚቃ ዕውቀታቸው ማስረጃው ትከሻቸው ነው። ሰርግ ቤት ውስጥ ከሚዜዎቹ ቀድሞ የሚነሣ፣ ድንኳን ሲፈርስ የሚቀመጥ ትከሻ ነው። «ምቱ ደህና ከሆነ ትከሻዬ ራሱ ይነግራችኋል» አሉ በትሕትና።

ልንወጣ ስንል አስካለ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነሣች።

«አንቺ ደሞ ወዴት ነሽ?» አሉ ጋሽ በዳዳ።

«ከናንተ ጋር ነዋ! የምዘፍንበት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ለሱ እኮ ነው የማትሄጂው፣ ልጄ። በሬ የቸገረው ሰው ራሱ ከብት ተራ ከመጣ ነጋዴው ከሩቅ ያውቀዋል። አንቺ ቁጭ በይ፤ እኛ አለንልሽ።»

አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ ጋሽ በዳዳን አየሁ። ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠችና «በሉ እሺ። ብቻ ችክችካ ይኑረው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር» አለች። ችክችካ ያቺ እያነከሰች የምትሮጠው ምታችን ናት፤ እሷ ከሌለች ሙሽራ አይወጣም፣ አማትም አትነሣም።

መርካቶ ደርሰን አሮጌና አዲስ ዕቃ ቀላቅሎ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ገባን። ጋሽ በዳዳ አንዱን ርካሽ ኪቦርድ አንሥተው ክብደቱን መዘኑት። ገልብጠው ሆዱን አዩት። መዳፋቸውን በቁልፎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳብ አድርገው «ጥርሱስ ሙሉ ነው» ካሉ በኋላ፣ ከነጮቹ አንዱ ቢጫ መሆኑን አይተው «ይኼማ አርጅቷል» ብለው ዋጋ አስቀነሱ። እኔ ችክችካ እንዳለው ጠየቅሁ። ነጋዴው ቅር አለው። «መቶ ዓይነት ምት ያለው ኪቦርድ ችክችካ ያጣል?» አለና አንዱን ተጫነ። ኪቦርዱ ይደልቅ ጀመር። የጋሽ ታዬ ትከሻ ተነሣ።

ለማመሳከር ያህል ጎኑ ያለውን ውድ ኪቦርድ አስከፈትን። የጋሽ ታዬ ትከሻ አሁንም ተነሣ። ጋሽ በዳዳ «ታዲያ በርካሹም ከነቀነቀ ውዱን ምን ልናደርገው ነው?» አሉ። እኔም ለርካሹ ከፈልሁ። ነጋዴው ኪቦርዱን በወፍራም ካርቶን አሽጎ ሰጠንና ወጣን። ከሱቁ አጠገብ የበርበሬ ወፍጮ አለ። ወፍጮው መንኳኳት ሲጀምር የጋሽ ታዬ ትከሻ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ አየሁ። ጥርጣሬ ሽው አለብኝ፤ ግን ከፍለን ወጥተን ነበር።

ቤት ስንደርስ አስካለ ራሷ ካርቶኑን ከፈተች፣ ኪቦርዱን ልብስ የምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ አጋደመችና ነጋዴው ያሳየንን ምት አስነሣችው። ጥቂት አዳመጠች።

«ይኼ እኮ ሰልፍ ነው!» አለች። «በዚህ ሙሽራ ሳይሆን ጦር ነው የሚወጣበት።»

መቶውንም ሞከርነው። ዋልዝ አለ፣ ዲስኮ አለ፣ ስሙን አንብበን ያልገባን ብዙ ነገር አለ። አስካለ ስትዘፍን ዘፈኑ ያነክሳል፣ ኪቦርዱ ቀጥ ብሎ ይረግጣል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርሱ ይለያያሉ። ጋሽ ታዬ ብቻ በሁሉም ተስማሙ። «ይኼም አይከፋም» ይላሉ፣ በየምቱ እየተነቀነቁ። ልንመልሰው እንዳንል የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ ነጋዴው አስቀድሞ ነግሮናል፤ ሌላ እንዳንገዛ አቅማችን እዚያው ላይ አልቋል። ጾሙም ደርሷል። አስካለ ኪቦርዱን አጠፋችና «ይቅር» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ያቺ «ይቅር» እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ዕቃውን መልሳ ልታሽገው ካርቶኑን ሳበች። ውስጡ የቀረውን ስፖንጅ ልታራግፍ ገልብጣ ቂጡን በመዳፏ መታችው። ዱም አለ። ቆም አለች። ጠርዙን በጣቶቿ መታችው፤ ታክ አለ። አሁን ቀና ብላ አየችን። ሰርግ ቤት ከበሮ ሲጠፋ ጀሪካን መትተው ሙሽራ የሚያስወጡ ሴቶች መሀል ያደገች ናት። ተቀመጠች፣ ካርቶኑን ጉልበቷ መሀል አስገባች፣ ዱም ታክ ታክ፣ ዱም ታክ ታክ እያለች ጥቂት ሄደች። ያቺው አንካሳ ምት፣ ከነሩጫዋ መጣች።

«ና» አለችኝ፣ «እነዚህን ሁለት ቁልፎች ተጫናቸውና እንዳትለቃቸው። እንዳታስነጥስም።»

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን ቴፓችን ላይ ቀዳን። ጋሽ በዳዳ የጫማ ማሰሪያ ሊያስር የሚቆመውን መንገደኛ ለማባረር በር ላይ ተመደቡ። ጋሽ ታዬ የተቀመጡበት ወንበር ከትከሻቸው ጋር ስለሚንቋቋ ደጅ ቆመው እንዲነቀንቁ ተደረገ። እኔ ሁለቱን ቁልፎች ይዤ አስካለን ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሳፋውንም ፋብሪካውንም እኛንም ረስታናለች። እንዲህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ካሴቱን ይዘን ሙዚቃ ቤቱ ሄድን። ሰውዬው ዓይኑን ከድኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። አስካለ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው» አለ ሰውዬው፣ እግዜር ይመስገን እንደሚል ሰው፣ በጥድፊያ። «ግን ይኼ ምት! የምን ኪቦርድ ነው? መርካቶን አስሼ እንዲህ ያለ ችክችካ ያለው አጣሁ!»

«የኪቦርዱ አይደለም፤ ካርቶን ነው የመታሁት» አለች አስካለ።

ሰውዬው እያየን ሳቀ። «ገባኝ፣ ገባኝ። የሙያ ምስጢር ነው፤ አልጠይቅም። ዘፈኑን ወስጄዋለሁ። እንዲያውም ለሚቀጥለው ካሴት ሁለት ጨምሪልኝ። መሣሪያውን ግን አደራ እንዳትቀይሩት!»

አብረውን የመጡት ጋሽ በዳዳ ከኋላ «የበሬን ውለታ ፈረስ ወሰደው» ብለው አጉረመረሙ። አስካለ ግን መንገዱን ሁሉ ስትስቅ መጣች። ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘችኝ፤ እኛ ሰፈር ባልና ሚስት ታክሲ ውስጥ እጅ ለእጅ አይያያዙም።

ቤት ስንገባ አማቴ እማማ ፋናዬ አዲስ የፕላስቲክ ጆግ ይዘው በኩራት ጠበቁን። «ያ ባዶ ካርቶን ቤቱን አጣቦት፣ ቆራሌው ሲያልፍ በዚህ ለወጥሁት። ይኸው፣ ክዳን እንኳ አለው!» አሉ። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ቁጭ አለች።

ቤት ውስጥ ያለ ካርቶን ሁሉ ተመታ። የሳሙናው ታፈነ፣ የፓስታው ሳሳ። በማግስቱ ጋሽ በዳዳ መጡ። ጋሽ ታዬም ከነትከሻቸው መጡ። አስካለ ነጠላዋን ለብሳ ከሁላችንም ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሽ በዳዳ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ፊቷን አይተው ተዉት። «መቼም ለካርቶን ዓይን አያሳብቅም» አሉ።

መርካቶ ያገለገለ ካርቶን የሚሸጥበት መደብ ደረስን። አስካለ ተንበርክካ አንድ በአንድ ትመታ ጀመር። ዱም፣ ታክ። ትገፋዋለች። ዱም፣ ታክ። ሰው እየከበበን መጣ። ጋሽ ታዬ በእያንዳንዱ ካርቶን ተነቃነቁ፤ የትከሻቸው ምስክርነት ግን ከተሻረ ቆይቷል፣ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሁላችንም የምናየው የአስካለን ፊት ነበር። አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ደግማ መታችው፤ ከዚያ ፊቷ ሁሉ በራ።

ለካ ነጋዴውም የሚያየው እሱኑ ኖሯል። ለባዶ ካርቶን የጠራው ዋጋ ጋሽ በዳዳን አስደነገጣቸው። ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዞር ብለው አስካለን አዩ፤ አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና፣ እኔ እስከማውቀው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይከራከሩ ከፈሉ።