እናት ፍሪጅ አይደለችም

(የሆስፒታል ኮሪደር። እናታቸው ከበሩ ጀርባ የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ናት። ፍሪጅ ጠጋኙ ታላቅ ወንድም በሩን ሊያንኳኳ ሲል ታናሹ ክንዱን ይዞታል።)

ታላቅ፦ ልቀቀኝ አልኩህ! ስህተታቸውን ነግሬያቸው እመለሳለሁ።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ የልብ ሐኪሞች እኮ ናቸው!

ታላቅ፦ ልቡን ይወቁት። ቅዝቃዜ ግን የእኔ እንጀራ ነው! ሰውነቷን እናቀዘቅዘዋለን አላሉም?

ታናሽ፦ ብለዋል። ለምንድን ነው ግን? እንዳትበላሽ ነው?

ታላቅ፦ (ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ) እማዬ ሥጋ ናት እንዴ?

ታናሽ፦ ታዲያ ምንድን ናት?

ታላቅ፦ ኤጭ! ስማኝ። አሁን ልቧ ቆሟል፤ ደሟን የሚያዞረው ማሽን ነው። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ሥራው ይቀንሳል፣ ትንሽ ደም ይበቃዋል። ገባህ?

ታናሽ፦ ገባኝ። ጥሩ ነው ማለት ነው።

ታላቅ፦ ምኑ ነው ጥሩ? ኩላሊቷስ? ኩላሊት ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ ሲቀዘቅዝ ምን ይሆናል?

ታናሽ፦ ይቀዘቅዛል።

ታላቅ፦ በረዶ ይጋግራል! ይደፈናል!

ታናሽ፦ ውይ! ሽንቷም በረዶ ሆኖ ነው የሚወጣው?

ታላቅ፦ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ! (ይነሳል) መፍትሔው አንድ ነው፦ ልክ ሲጨርሱ በአንዴ ማጋል! ሄጄ ልንገራቸው።

ታናሽ፦ ጋሼ፣ ጋሼ! ኩላሊት ግን ስንት ነው?

ታላቅ፦ (ተመልሶ ይቀመጣል) ሁለት።

ታናሽ፦ አንዱ ቢበርደው ሌላው አያሞቀውም?

ታላቅ፦ ተቃቅፈው የሚያድሩ ባልና ሚስት መሰሉህ?

(በሩ ገርበብ ይላል። ነርሷ ታናሹን ትጠራዋለች፤ አነጋግሯት እየሮጠ ይመለሳል።)

ታናሽ፦ አለቀ! ልቧ በራሱ እየመታ ነው። ሽንቷም እየወረደ ነው፤ ኩላሊቷ ደህና ነው!

ታላቅ፦ (ዓይኑን እየጠረገ) ተመስገን! አጋሏት አይደል? እንዳልኩት!

ታናሽ፦ የለም፣ ቀስ እያሉ ነው ያሞቋት። ኩላሊቷን ሊጎዳባት ይችል የነበረው በአንዴ ማጋሉ ነው።

ታላቅ፦ አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አመጣኸው?

ታናሽ፦ ትናንት ሐኪሙ ለእማዬና ለእኔ አስረድቶናል።

ታላቅ፦ ትናንት! ታዲያ ያን ሁሉ የጅል ጥያቄ ምን አስጠየቀህ?

ታናሽ፦ ስትገባ አደራ ብላኝ ነዋ። «ልቤን ሐኪሞቹ ይይዙልኛል፣ የወንድምህን ምላስ አንተ ያዝልኝ» አለች።

ታላቅ፦ (ፊቱ ደም መስሎ ብድግ ይላል) እኔን? በጥያቄ? አሁኑኑ ገብቼ ራሷን ነው የማናግራት!

ታናሽ፦ እሺ፣ ሂድ። ግን ጋሼ... በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

ታላቅ፦ (ይቆማል። ያመነታል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።) አየህ፣ በረዶ ማለት...