በቆቦ ለመጥፋት ካርታ ያስፈልጋል

እስቲ ልጠይቃችሁ። አንድ ከተማ «ጥሩ ነው» የሚባለው ምኑ ታይቶ ነው? ከጉዞ የተመለሰን ሰው «አገሩ እንዴት ነው?» ብትሉት «ያምራል» ይላችኋል እንጂ፣ «ዳቦ ቤቱ ከፋርማሲው አጠገብ ነው፤ ከፋርማሲው እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድም አያደክምም» የሚላችሁ የለም። ኑሮ ግን እዚያው ላይ ናት። ዕድሜያችን የሚያልቀው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስንመላለስ ነው። ይህን ያወቅኩት ብዙ አገር ዞሬ እንዳይመስላችሁ። ከወልድያ ያለፍኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱንም በሕመም። የከተማ አዋቂ የሆንኩት እዚሁ ቆቦ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው።

ባጃጅ ቆቦ ውስጥ እንደ አሸን በፈላበት ሰሞን፣ በአውራ ጎዳናው ዳር አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። የገበያ ቀን ማመልከቻ የሚያስጽፍ ገበሬ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ዝንብ እሽ እላለሁ። በዚህ መሐል ከአንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ጋር ተዋወቅኩ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሰው አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ጆሮው የሾለ ቀስተኛ ሆኖ በሌለ አገር አውሬ ሲያድን ይውላል። ያደነውን ቆዳ ይዞ ከተማ ይገባል፣ ገበያ ያወጣል፣ የዶለዶመ ጎራዴውን ያስላል፣ የተረፈውን ግምጃ ቤት ያስቀምጣል። እኔ ጢሜ ጉልበቴ ላይ የሚደርስ አስማተኛ ነበርኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

በዚያ አገር ሁለት ትልልቅ ከተሞች አሉ። እውነተኛ ስማቸው ምላስ ስለሚያስር ነጭ ከተማና ጭቃ ከተማ ብያቸዋለሁ። ነጭ ከተማ ማማዋ ደመና የሚነካ፣ ሦስት ድልድይ ያላት፣ ስንት ስርቻና ስንት ቅያስ ያላት ውብ ናት። የሠራት ሰው ግን በሕይወቱ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ግምጃ ቤቱን ኮረብታ ላይ፣ አንጥረኛውን ከወንዙ ማዶ፣ ገበያውን ደግሞ ከሁለቱም የሚርቅበትን ቦታ አጥንቶ ነው ያስቀመጠው። ጭቃ ከተማ ክራንቻቸው የወጣ ፍጡራን በቆዳና በአጥንት የሠሯት፣ ለዓይን የምትከብድ መንደር ናት። ነገር ግን ግምጃ ቤቱም፣ አንጥረኛውም፣ ገበያውም፣ የፈረስ ጋጣውም በአንድ ጎዳና ዳርና ዳር ተደርድረዋል። ሃያ እርምጃ፣ አለቀ።

ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ሰው ይህ ልዩነት ምኑም አይደለም። የእኔ አስማተኛ ግን የሚራመደው ኔትወርኩ ሲፈቅድለት ነው። አንድ እግሩን ያነሳል፤ ይቆማል፤ እኔ አንድ ማመልከቻ ጽፌ ስመለስ ያወርደዋል። በነጭ ከተማ ከግምጃ ቤቱ አንጥረኛው ዘንድ እስክደርስ፣ ከደጄ የተነሳው ሚኒባስ ሮቢት ደርሶ፣ ሰው አራግፎ፣ ሰው ጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ የእነዚያን ከተሞች አቀማመጥ እንደ እኔ በእግሩ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። ይህን ዕውቀት ይዤ መቀበር የለብኝም ብዬ፣ በተጫዋቾቹ የመወያያ ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ረጅም ንጽጽር ጻፍኩ። ማጠቃለያው ነጭ ከተማ ፈርሳ እንደገና ትሠራ የሚል ነበር። የመለሰልኝ አንድ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔትህን ቀይር» አለኝ።

እኔ ግን ኮራሁ። ቆቦንም በዚያው ዓይን ማየት ጀመርኩ። ቆቦ ጭቃ ከተማ ናት፤ ለሙገሳ ነው የምለው። ከወልድያ የመጣው አውራ ጎዳና ወደ አላማጣ ሲያልፍ ከተማችንን ለሁለት ሰንጥቋት ነው የሚሄደው፤ ባንኩ፣ መስጊዱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ እሱን ይዞ ተሰልፏል። ቆቦ ውስጥ ሰው ልጥፋ ቢል እንኳ አይሳካለትም። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣውን ሁሉ በዚህ ነገር ሳሰለች እውል ነበር።

ያልሰለቸችው ሐያት ብቻ ናት። ሐያት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ናት፤ ፈተና ልታስጽፍ ትመጣለች። አንድ ቀን ሁለቱን ከተሞች አስጎበኘኋት። በትዕግሥት አይታ አይታ፣

«ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?» አለችኝ።

ፈለግን። በሁለቱም ቦኖ የለም። መጸዳጃ ቤት የለም። ትምህርት ቤትም የለም።

«ወላሂ ሰይድ፣ እዚህ አገር የሚያልፍ እንጂ የሚኖር ሰው የለም» ብላ ሳቀች።

ሁለት ዓመት ስመላለስበት ያልታየኝን እሷ በአሥር ደቂቃ አየችው። የዚያን ዕለት ወደድኳት። ከዚያ በኋላ ሐያት የምታስጽፈው ፈተና በዛ፤ ተማሪዎቿ ምን ያህል እንደተሰቃዩ አላህ ይወቀው። ወራት ሄደው ወራት ሲመጡ፣ «እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «ቤታችን አይጠፋም» አለች። አይ ሐያት!

ሽማግሌዎቼ የጎብዬው አጎቴ እንድሪስና የዕድሜ ልክ ጎረቤቱ አቶ በላይ ናቸው። ቆቦን በገበያዋ እንጂ ቤት ለቤት አያውቋትም። አጎቴ ደግሞ ጥብቅ ደንብ አለው። ለሽምግልና የሄደ ሰው መንገድ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ወሬው ቀድሞት ይገባል። የልጅቷንም ስም አያነሳም፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ይላል፤ ይበቃል። አባትየውም ሐጂ ከሆኑ «ሐጂ» ነው የሚባሉት፤ ማን እንደሆኑ መጠየቅ ቤቱን ማቅለል ነው። ይህን ደንብ የሚያውቅ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ከሩቅ ቆሞ በጣቱ «ያቻት በሯ» ይላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ካርታ ሠራሁ። የከተማ አዋቂ በጣቱ አይጠቁማ! አውራ ጎዳናውን መሐል ለመሐል ወደ ላይ አሰመርኩት፤ እንደ ጨዋታው ካርታ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጌ ማለቴ ነው። መስጊዱን በጨረቃ ምልክት አሳየሁ። በኮምፒውተር ጽፌ፣ በቀለም አትሜ፣ በፕላስቲክ ሸፈንኩት። ከሥሩ «ከመስጊዱ ወደ ላይ፣ በሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር» የሚል ጻፍኩበት። በዚያ ዘመን የቆቦ በር ወይ አረንጓዴ ነው፣ ወይ ያልተቀባ መሆኑን ልብ አላልኩም።

«ሥዕሉ ለአንተ ይሁን፤ ለእኔ ጽሑፉ ይበቃኛል» አለ አጎቴ፤ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና ኪሱ ከተተው።

ከቀትር በኋላ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ሐጂው በክብር ተቀብለዋቸዋል። «ልጄን ልጠይቅና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለዋል። ደንቡ ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሐያት ደጄን አልረገጠችም፤ የተጠየቀች ልጅ ከጠያቂዋ መሸሸጓ ጨዋነት ነው አልኩ። ብደውል ስልክ አታነሳም፤ ይህም ጨዋነት ነው አልኩ። ጨዋነቷን እያደነቅኩ ለአስማተኛዬ አዲስ ካባ ገዛሁለት።

በቀጠሮው ቀን አጎቴ ተመልሶ መጣና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«አብሽር የእኔ ልጅ» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷ አልፈቀደችም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ከሚያፈጥ ሰው ጋር አልኖርም ብላለች አሉ።»

አጠገቤ ቆማ አብራኝ ያፈጠጠችው እሷ አልነበረችም? እምቢታውስ ይሁን፤ ሰው እምቢ ይባላል። ያሳቃትን ነገር መልሳ ሰበብ ማድረጓ ነው ያንገበገበኝ። ጨዋታውን ዘጋሁ። እህል አልበላ አለኝ። አንድ ወር ያህል የጻፍኩት ማመልከቻ ሁሉ፣ የመሬት ጉዳይም ቢሆን፣ የልቅሶ ዜማ ነበረው።

የትምህርት ማጠቃለያ ሲደርስ ሐያት መጣች። ከእኔ ሌላ የሚጽፍላት ብታገኝ እንደማትመጣ ፊቷ ይናገራል። የአራተኛ ክፍል ፈተና በእጅ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችልኝ፤ ሰላም አላለችኝም፤ እኔም አላልኳት። መጻፍ ጀመርኩ። ሰባተኛው ጥያቄ «በካርታ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክተው አቅጣጫ የትኛው ነው?» ይላል። ምርጫዎቹን ጻፍኩ፦ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ሰሜን፣ ደቡብ።

ከዝምታው ለመገላገል ብዬ «ይሄ አይቀልም?» አልኳት።

«ግማሹ ክፍል በየዓመቱ ይሳሳታል» አለች ወደ ጎዳናው እያየች። «ምዕራብ ነው ይላሉ። ላይ ማለት ለእነሱ ወደ ደጋው ነው፤ ጎርፉ የሚመጣበት። አባቴ ራሱ እንዲያ ነው የሚለው። ላይ ሰፈር ስትል ማንም ሰው ወደ ተራራው ነው የሚሄድልህ።»

እጄ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቀረ። ከመስጊዱ ወደ ላይ። በሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር።

«ሐያት» አልኳት፣ «ያን እሁድ ቤታችሁ ሽማግሌ መጥቶ ነበር?»

«የምን ሽማግሌ?» ዞረችብኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እናቴ ግቢውን አስጠርጋ፣ እኔ አዲስ ልብስ ለብሼ፣ አስር እስኪሰገድ ጠበቅን። አባቴ ከሥራ ቀርቶ ነበር ሰይድ። አፈርኩብህ።»

ካርታው፣ አጎቴ ከመለሰልኝ ወዲህ፣ ለመታሰቢያ እንዲሆን በመሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው። ሳቋ መጣባት፤ ያዘችው፤ እንደገና መጣባት። ጽሑፉን ወደ ደጋው ተከትላ እንደነገረችኝ፣ ሽማግሌዎቼ የገቡት ሰፊያ የምትባል የልብስ ሰፊ ቤት ነው። ሰፊያንም ሐጂ የሆኑ አባቷንም በመልክ እንጂ አላውቃቸውም። አስቡት እንግዲህ፤ ያልጠየቅኳት ልጅ እምቢ ብላኝ፣ ወር ሙሉ አልቅሻለሁ።

ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። አጎቴ ሰምቶ «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ ራሱን ረገመና ሁለተኛ ደንብ አወጣ፦ ስህተቱ ለእነ ሰፊያ አይነገርም። «አንዴ ለምነን እምቢ ያለችን ልጅ ናት። ዛሬ ሄደን የመጣነው ለሌላ ነበር ብንል ልጅቷን መስደብ ነው» አለ። እውነቱን ነው። እንግዲህ ለሐያት አባት ለሐጂ ይማም ምን ይባል? ወሬ በቆቦ ከባጃጅ ይቀድማል፤ እሳቸውም ሰምተዋል። «ሌላ ቤት ሲከለከል ነው እኛ ትዝ ያልነው? ልጄ ትራፊ ለቃሚ አይደለችም» ብለው ሽማግሌ እንዳይመጣ አስቀድመው ላኩ።

እዚህ ላይ የእኔ ዕውቀት አለቀ። የሐያት ጀመረ። አባቷ ምሳ በልተው ሲረጋጉ፣ ያን በፕላስቲክ የተሸፈነ ካርታ እጃቸው ላይ አኖረችና ምንም ሳትነግራቸው፣

«አባዬ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» አለቻቸው።

ሐጂ ይማም ጽሑፉን አነበቡ፤ በጣታቸው ወደ ደጋው ጠቆሙ። «ከመስጊዱ ወደ ላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ… የሰፊያ አባት የሐጂ ዑመር ቤት ነዋ። ማን ነው ይሄን…» አሉና ቆሙ። ካርታውን አዩት፤ ልጃቸውን አዩ። ሐያት እንደነገረችኝ፣ ካርታውን መልሰው ሰጥተዋት ያሉት አንድ ነገር ነው። «ሽማግሌዎቹን ይላክ። ካርታ ግን አይላክ።»

እነ አጎቴ በቀጣዩ እሁድ ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ አጎቴ ደንቡን ሽሮ መንገድ ሊጠይቅ አፉን ከመክፈቱ አንድ ባለባጃጅ «የሐጂ ይማም ቤት አይደል? ግቡ አባቶች» አላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ እኛን ሲጠብቅ ኖሯል።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሐያት ባለቤቴ ናት። ካርታው በመማሪያ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰባተኛውን ጥያቄ ያስረዳል። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሰፊያ። ሰፊያ እስከ ዛሬ እምቢ ያለችኝ መሆኗን እንጂ ሌላውን አታውቅም፤ ማንም አይነግራትም። ጥሩ ልጅ ናት፤ ባየችኝ ቁጥር ታዝንልኛለች። ቆቦ ደግሞ አንድ ጎዳና ናት። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰፊያ፤ ከባንክ ስመለስ ሰፊያ፤ ከሐያት ጋር ጎን ለጎን ስንሄድ ከፊታችን ሰፊያ። ዓይኗን በርኅራኄ ሰበር አድርጋ ታልፋለች። ያን ጊዜ ሐያት ክንዴን ቆንጠጥ ታደርግና «እዘን እንጂ፤ ልጅቷን አታዋርዳት» ትለኛለች። እኔም ለሰፊያ ክብር ስል አንገቴን ደፍቼ፣ የልብ ስብራቴን ይዤ አልፋለሁ።

ስለዚህ ያን የጥንት ንጽጽሬን ሰሞኑን ላርመው አስቤያለሁ። ጭቃ ከተማ ምቹ ናት፤ አልክድም። ነገር ግን የሦስቱ ድልድይ፣ የስርቻውና የቅያሱ ጥቅም ዛሬ ገብቶኛል። ነጭ ከተማን የሠራው ሰው ገበያ ወጥቶ አያውቅም ብዬው ነበር። ይቅር ይበለኝ። ለካ ሰውየው፣ ያልጠየቃት ልጅ እምቢ ያለችው ኖሯል።