ጋሽ አቤቱታ ከመስታወቱ ፊት

መኪና የሚሸጥበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጋሽ አቤቱታ አለው። ከሌለው፣ ወይ እዚያ ሰፈር መኪና አይሸጥም፣ ወይ ገዢው ሁሉ እጣ ፈንታዬ ነው ብሎ ቤቱ ገብቷል። የእኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በሐሩርም ቢሆን ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ይቆልፋሉ። ስሙን ያወጡላቸው የሰፈራችን መኪና ሻጭ ድርጅት እንግዳ ተቀባዮች ሲሆኑ፣ እሳቸውም በሰሙ ጊዜ አልተቀየሙም። “አቤት የሚል ከሌለ አቤቱታ መቀበያ ብላችሁ ምን ያስለጥፋችኋል?” ብለው ሹመቱን ተቀበሉ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሱቄ ከድርጅቱ ጋራዥ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሽቦው የተወሳሰበ መኪና ሲገጥማቸው ወደ እኔ ይልካሉ፤ ግማሽ እንጀራዬ ከእነሱ ነው። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው።

ጋሽ አቤቱታ ቀይ መኪናቸውን ከድርጅቱ ሲገዙ ደጄ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። ሻጩ ምላሱ ቅቤ የሆነ ወጣት ነው። “አባባ፣ ይቺ ሴት የነዳቻት ናት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። ሞተሯ አልተነካ፣ ቀለሟ የፋብሪካ።” ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ “ደብተሬን ቤት ረሳሁት” ሲላቸው የኖሩ ሰው እንዴት አመኑት? እሳቸው እንደሚሉት፣ ተማሪ ሲዋሽ መሬት መሬት ያያል። ይሄኛው ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነበር።

የመኪናዋ ጉድ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ዝናብ መታትና የፊቷ ቀይ ከኋላዋ ቀይ ተለየ። ቀጥሎ የቀኝ በሯ እንደ ድስት ክዳን መጮህ ጀመረ። አንድ ቀን ምንጣፏን ገልጬ ሳይ ወገቧን ዙሪያውን የብየዳ ጠባሳ ዞሯታል። ሁለት የተጋጩ መኪኖች ደህና ደህና ግማሻቸውን አዋጥተው ትዳር መሥርተዋል። ጋሽ አቤቱታ ጎንበስ ብለው አዩና ወደ ድርጅቱ ገቡ። ድምፃቸው በግድግዳው በኩል መጣ።

“ሴትየዋ የነዳችው የቱን ግማሽ ነው?”

ከዚያ በኋላ መመላለሱ ሆነ። መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ከሆዷ “ጓ” የምትለው ነገር አላት። ጋራዥ ስትገባ ግን እንደ አዲስ ሙሽራ ጭጭ ነው። ጋሽ አቤቱታ መካኒኩን ከጎናቸው አስቀምጠው ሰፈሩን ያዞሩታል። “ቆይ፣ አሁን ትላለች። ቆይ።” አትልም። ካለችም እንግዳ ተቀባይዋ መልስ አላት፤ “አባባ፣ ጠባይዋ ነው።”

“የእኔም ጉልበት ይንቋቋል፣ ልጄ። ግን እኔን ሞተሩ አልተነካ ብሎ የሸጠኝ የለም።”

በጋራዥ ወግ፣ ዕቃ ተቀየረልህ ሲሉህ አሮጌውን ማየት መብትህ ነው። ለዚሁ ክብር ሲባል ድርጅቱ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ያለቀለት የፍሬን ሸራ አለው። ለጠየቀ ሁሉ ከዚያ እየተነሣ ይታያል፣ ተመልሶ ይገባል። ለስንት መኪና እንደመሰከረ እግዜር ይወቀው። ጋሽ አቤቱታ ግን አንድ ቀን ፍሬን ሊያስቀይሩ ሲሄዱ፣ የባለቤታቸውን የጥፍር ቀለም ይዘው መጡና እኔ ጎማውን ፈትቼላቸው አሮጌው ሸራ ጀርባ ላይ ሮዝ ነጥብ አኖሩ። ከሰዓት በኋላ “ያው አባባ፣ አሮጌው” ተባሉ። አገላብጠው አዩት።

“የእኔ የተኳለ ነበር” አሉ።

ጎማው እንደገና ተፈታ። ሮዝ ነጥቡ እዚያው ቦታው ላይ ተቀምጧል። ያን ዕለት መካኒኮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ “ስህተት ነው፣ ነገ ይምጡ” አሉ። በማግስቱ “ነገ” አሉ። ማሳቁ ቀረና ማሳዘኑ ብቻ ተረፈ።

ምክንያቱም የጋሽ አቤቱታ ባለቤት ወገባቸውን ታመዋል፤ አውቶቡስ መውጣት አይችሉም። መኪናዋ የተገዛችው እሳቸውን ከተማው ማዶ ካሉት እህታቸው ጋር ለማገናኘት ነበር። የብየዳውን ነገር ከሰሙ ወዲህ ግን አልሳፈርም አሉ። “መሀል መንገድ ላይ ለሁለት ብንከፈል አንተ በየትኛው ልትሄድ ነው?” አሏቸው አሉ። ስለዚህ ጋሽ አቤቱታ ይህችን ሸጠው ጤነኛ መግዛት ነበረባቸው።

እኔ ነኝ የመከርኳቸው። “ጋሼ፣ ዝም ብለው ይሽጡና ይገላገሉ። ገዢም ዓይን አለው።” ደጄ ላይ አቆሟት። የመጀመሪያው ገዢ መጣ።

“እንዴት ናት አባባ?”

“ተቀመጥ።”

“ምነው?”

“ረጅም ነው።”

ከወገቧ ጀምረው እስከ በሯ ነገሩት። ሰውየው አመስግኖ ሄደ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። “ጋሼ፣ ለእርስዎ ማን አዘነልዎት?” ብላቸው፣ “እኔ የተቃጠልኩበትን ለሰው አላጎርስም” አሉኝ።

በመጨረሻ ድርጅቱ ራሱ መልሼ ልግዛት አለ፤ በርካሽ። ጋሽ አቤቱታ አንድ ሌሊት አስበውበት ተስማሙ። ሒሳባቸው ንጹሕ ነበር፤ ጉድለቷን ሁሉ የሚያውቅ ገዢ ድርጅቱ ብቻ ነው፣ ለእሱ ሲሸጡ ማንንም አያታልሉም። ፈርሳ ለዕቃ ትሆናለች ብለው አስበው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም እሰይ ብያለሁ። ተገላገሉ ብዬ።

በሳምንቱ ቀዩዋ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ አንድ ዓይነት ቀይ ተቀብታ ከድርጅቱ ማሳያ መስታወት ጀርባ ለሽያጭ ቆመች።

ጋሽ አቤቱታ ጤነኛዋን መኪና እስከ ዛሬ አልገዙም። በርካሽ የተሸጠ ርካሽ ነው የሚገዛው። በየማለዳው በአውቶቡስ ይመጡና ከመስታወቱ ፊት ይቆማሉ። ዘበኛው “አባባ፣ እባክዎ ያስቆጡኛል” እያለ ወደ እኔ በኩል ይገፋቸዋል፤ እኔ ደጃፍ ወንበር አወጣሁላቸው። ባለቤታቸው ከእህታቸው ጋር በስልክ ነው የሚጨዋወቱት።

ባለፈው አንድ ባልና ሚስት ቀዩዋን ሊያዩ መጡ። ሚስትየዋ እርጉዝ ናት። ጋሽ አቤቱታ ተነሥተው መንገድ ላይ ያዟቸውና ከመኪናዋ ወገብ ጀመሩ። ሻጩ ወጣ። “አትስሟቸው፣ ትንሽ ጃጅተዋል” አለ። ባልየው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

“ወንድም፣ የሚሉት እውነት ነው?”

ሻጩ አየኝ። ከኋላው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ወደ እኔ ሊመጣ ተራ የያዘ አንድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል።

“እውነት ነው” አልኩ። “እንዲያውም አንድ ነገር ረስተዋል። ሽቦዋም ከሁለት መኪና የተቀጣጠለ ነው፤ የኋላ መብራቷ በፈለገው ቀን ነው የሚበራው።”

ባልና ሚስቱ ተያይተው መንገዳቸውን ሄዱ። ሻጩ በሩን ዘጋው። ያ መኪና ወደ እኔ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህም የመጣ የለም። ለካ ግማሽ እንጀራ ሲቀር ሱቅ እንደዚህ ጸጥ ይላል።

ጋሽ አቤቱታ ግን ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል።

“ረስተዋል ትለኛለህ? የሽቦውን ሦስተኛ አድርጌ ቆጥሬላቸዋለሁ። አንተም እንደነሱው ነህ፤ አትሰማም።”

ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። እስኪበርድላቸው ጠብቄ ሻይ ይዤላቸው ሄድኩ። ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ አንዴ ፉት አሉ።

“ቀዝቅዟል” አሉ።