ማስተዋል በቁሟ የተለቀሰች ዕለት

ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ በአንድ ቃል መመለስ ብችል እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር! የላይ ቤት ጎረቤቴ ልጅ ነርስ ነው። አለቀ። የታች ቤቷ ልጅ አስተማሪ ናት። አለቀ። ጠያቂውም «እግዜር ያሳድግልሽ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን «ማስተዋል ምን ትሠራለች?» ስባል መጀመሪያ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። መልሱ ረጅም ነዋ።

«ፊልም ትሠራለች» እላለሁ።

«እሰይ! በቴሌቪዥን ትታያለች?»

«አትታይም። እሷ ከካሜራው ኋላ ናት።»

«የማን ተቀጣሪ ናት?»

«የማንም። በራሷ ነው።»

«ታዲያ ማነው የሚያዛት?»

«ማንም።»

እዚህ ላይ ጠያቂዬ በሐዘኔታ ያየኛል። በእኛ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ማንም የማያዘው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድም ባሕታዊ ነው፣ አንድም ሥራ ፈት። ልጄ ባሕታዊ አለመሆኗን ደግሞ ሱሪዋ ይመሰክራል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ማስተዋል ባሕር ዳር ተምራ እንደጨረሰች አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ነበር። ሥራዋ ስብሰባ መቅረጽ ነው። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ስለት አገባሁ። ጥቂት እንደሠራች ደወለችና «እማ፣ ለቀቅሁ» አለችኝ። ምነው ልጄ፣ በደሉሽ ወይ? ስላት፣ ማንም አልበደለኝም፣ የሚያጨበጭብ ሰው ስቀርጽ መዋል ሰልችቶኝ ነው አለችኝ። እናንተዬ፣ በጭብጨባ የሚሰለች ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለቱን ግን መመለስ አይቻልም፤ ገብቷል።

ከዚያ ሠርግ መቅረጽ ጀመረች። ይኼስ ደግ ነው፣ ሠርግ ሞልቷል አልኩ። በመጀመሪያው ሠርግ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ትታ ጓዳ ገብታ የሙሽራዋን እናት ቀረጸች። ሴትዮዋ ጥግ ይዛ የልጇን አሮጌ ጫማ ታቅፋ ታለቅሳለች። የሙሽራው ወገን ቪዲዮውን ሲያዩ «ሠርግ ቅረጪ አልን እንጂ ለቅሶ ቅረጪ አልን?» ብለው ተቆጡ። የሙሽራዋ እናት ግን ያቺን ቁራጭ ብቻ በስልኳ አስገልብጣ እስከ ዛሬ ታያታለች አሉ። ያኔ ነው ማስተዋል «እማ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ አወቅሁ» ያለችኝ። እኔ አላወቅሁም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በራሷ ትሠራለች። የምትቆየው አዲስ አበባ ነው፤ ጊዜ ስታገኝ እኔ ዘንድ ትመጣና የከተማችንን ልጃገረዶች ሰብስባ በነጻ ታስተምራለች። ቤቴ ትምህርት ቤት ሆነ። ከግቢዬ በር እስከ ደጃፌ እንስራ ይዤ በገባሁ ቁጥር «እትዬ በላይነሽ፣ ተመልሰው እንደገና ይግቡልን፣ ብርሃኑ አላማረም» ይሉኛል። ስንት ዘመን በዚያ በር ስገባ ብርሃኑ አላማረም ያለኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ደግሞ መቼ ዝም ይላል? «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ፣ ባል ሳታገባ የሰው ልጅ ታሠለጥናለች ለማለት ነው። እኔ ይኼን ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ዳዊቴን እደግማለሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ መማሬ ለዚህ ጠቀመኝ፤ ሰው ሲያማ የማነበው አላጣም።

የእኔ ጭንቀትስ ሐሜቱ አይደለም። መንገዱ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እኛ የሚመጣው መኪና አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ተነሣሁ ብላ ትደውላለች፤ ከዚያ ስልኳ ይዘጋል። ስልኩ እስኪከፈት እኔ የማስበውን እኔና እግዜር እናውቃለን። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ስለዚህ አልፈራም ብዬ እምላለሁ፤ ከዚያ እፈራለሁ።

ባለፈው ኅዳር መጣችና የራሷን ፊልም ልትሠራ ተነሣች። ወሬው እንዲህ ነው፦ አንዲት እናት አለች፣ ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ትሞታለች፣ መርዶው ይመጣል። ሬሳ የለም። እንግዲህ በእኛ አገር ሬሳ ያልመጣለት ሰው ልብሱና ፎቶው ደጅ ወጥቶ ይለቀስበታል። ይኼን ልትቀርጽ ነው። ሙሾ አውራጇን ለመነቻት። «ላልሞተ አላለቅስም፣ ሟርት ነው» ብላ አባረረቻት። ከዚያ ማስተዋል ወደ እኔ ዞረች።

«እማ፣ አንቺ አልቅሺልኝ።»

የባሰውም ገና ነበር። ለመርዶ የሚሆን ፎቶ ማን ያውሳል? የሠልጣኞቿ እናቶች እንኳን ፎቶ ሊሰጡ፣ ልጆቻቸውን ሊያስቀሩ ቃጣቸው። በመጨረሻ ማስተዋል ወንበር ላይ ወጣችና የምርቃቷን ፎቶ ከግድግዳዬ አወረደችው። የራሷን!

ሮጥኩ ወደ ንስሐ አባቴ። ቄስ ምናለ ሽማግሌ ናቸው፣ በነገር አይቸኩሉም። «አባቴ፣ ላልሞተ ማልቀስ ኃጢአት ነው ወይ?» አልኳቸው። ነገሩን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ።

«ልጄ፣ ዓርብ ስቅለት ስናለቅስ እሑድ እንደሚነሣ እናውቃለን አይደል?» አሉኝ።

«እናውቃለን አባቴ።»

«እያወቅን እናለቅሳለን። እንባው ውሸት ነው?»

«አይደለም አባቴ።»

«በይ ሂጂ።» ጥቂት እንደራቅሁ ደግሞ ጠሩኝ። «የጌታ ትንሣኤስ የታወቀ ነው። የዚህን የፊልም ነገር ግን እኔ አላውቅም፤ በጸሎት ይሁን» አሉ። ይኸው ነው እንግዲህ የያዝኩት ማጽናኛ።

ቀኑ ደረሰ። ማስተዋል ለአካባቢው ሰው ቤት ለቤት ዞራ ፊልም ነው፣ አትደንግጡ ብላለች። ከሸለቆው ማዶ ላሉት ግን ማን ይንገር? ድምፅ ሸለቆ ይሻገራል ብሎ ማን አሰበ? ማዶዎቹ በዚያ ቀን የእድራችን ዳኛ የአያ ፈንታን ገብስ በደቦ ያጭዳሉ። አገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነው።

ፎቶው ደጄ ላይ ቆመ፣ ቀሚሷ ከጎኑ ተዘረጋ። ማስተዋል ባርኔጣዋን ደፍታ ከካሜራው ኋላ ተደበቀች፤ ሠልጣኞቿ አንዷ ማይክ፣ አንዷ መስታወት መሳይ ነገር ያዙ። «እማ፣ ጀምሪ» አለች። እንባ እምቢ አለኝ። አፈርኩ። ደረቴን ብመታም የበርበሬ ጆንያ የማራግፍ ነው የምመስለው። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡ። ማስተዋልም ቀስ ብላ «እማ፣ ስልኬ ሲዘጋ የምታስቢውን አስቢ» አለችኝ።

ምነው ባላለችኝ።

ስልኩ ሲዘጋ የማስበውን ሁሉ አሰብኩት። በየት በኩል እንደወጣ የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች ብዬ፣
መንገዱ ተከፍቶ የት ቀረሽ ልጅዬ!»

ይኼን ግጥም ማንም አላስጠናኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእኔስ አፋፉንም ተሻገረ። ማዶ ገብስ አጫጆቹ ቀና አሉ።

አሁን የአገራችንን ደንብ ልንገራችሁ። እሪታ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አይጠይቅም። እየጠየቀ የሚመጣ ባዳ ነው። ወዳጅ እያለቀሰ ይመጣል፣ ማን እንደሞተ ሲደርስ ያውቃል። ደቦው ተፈታ። ነዶው እንደወደቀ ቀረ። ሸለቆውን ወርደው ሸለቆውን ወጥተው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ወንዶቹ «ወንድሜን! እህቴን!» እያሉ ግቢዬን ሞሉት። ሲደርሱ የሚያዩት ምንድን ነው? የማስተዋልን ፎቶ። እኔን መሬት ላይ።

ጉድ ሆነ። «ማስተዋልን! እንዴት ያለችው ልጅ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁት። እኔ ፊልም ነው ልል አፌን ስከፍት እታለም አንጓች፣ ጉልበተኛዋ የማዶ ጎረቤቴ፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች አፈነችኝ። አያ ፈንታ ማጭዱን እንደያዘ ፎቶው ፊት ተንበረከከ። ይኼ ሰው ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንባው አልታየም የሚባል ነው። ማስተዋልስ? «ከት» ብላ ቀረጻውን ማቆም አቃታት። ካሜራውን እንደያዘች እሷም ታለቅሳለች።

ሳጓ ተሰማ። እታለም አንጓች ዞር ስትል ሟቿ ቆማለች። ካሜራ ይዛ።

«በስመ አብ! የራሷን ለቅሶ ልትቀርጽ መጣች!» ብላ ወደቀች። ውኃ ረጨንባት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጣ አታንሡት። ደቦ ፈርሷል። ገብሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ በኅዳር ሊዘንብ ጠቁሯል። አያ ፈንታ እንባውን በእጅጌው ጠርጎ «እድሩ እሑድ ይሰበሰባል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራሩ ሥር ተሰበሰብን። አያ ፈንታ ተነሣና «እድር ላይ የተቀለደ ቀልድ ነው» አለ። ወይ የተቀረጸው ሁሉ ይጥፋ፣ ወይ በላይነሽ ከእድር ትውጣ፣ ምርጫው የሷ ነው አለ።

ከእድር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለከተማ ሰው ልንገር። ስሞት የሚሸከመኝ የለም ማለት ነው። ባሌ አርፏል። ያለችኝ ማስተዋል ብቻ ናት፤ እሷም ካሜራ እንጂ ሬሳ ብቻዋን አትሸከም። ማስተዋል አየችኝና «አጠፋዋለሁ» አለች። ድምፅዋ የሠርጓን ቀን የሰረዘች ሴት ድምፅ ነበር። ሠልጣኞቿ አንገታቸውን ደፉ። አንዷማ ዓይኗን ጨፈነች።

እኔ በጉባኤ ፊት ተናግሬ አላውቅም። «አያ ፈንታ፣ ከመጥፋቱ በፊት ቢታይስ? ሰው የሚያጠፋውን ሳያይ ያጠፋል?» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ቀትር ነው፣ ማስተዋል ያመጣችው ኮምፒውተር በፀሐይ አይታይም። አንዱ ጋቢውን አወለቀ። አምስት ሽማግሌዎች ባንድ ጋቢ ውስጥ ጭንቅላታቸውን አስገብተው ማየት ጀመሩ። እኛ ከውጭ የምናየው ጀርባቸውን ብቻ ነው። መጀመሪያ የኔ ሙሾ ተሰማ። ቀጥሎ የሕዝቡ እሪታ። ከዚያ ጋቢው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይስቃሉ?» አለችኝ ማስተዋል።

«ያለቅሳሉ መሰለኝ» አልኳት።

«ይቺ ልጅ ብትሞት እንዲህ ነበርን ማለት ነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ ወጣ። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አንዱም አላመነም። ሌላው ደግሞ «አንተ፣ አሁን ይኼ አለቃቀስ ነው? ትንኝ የምታባርር ትመስላለህ» አለ። እታለም አንጓች ከሴቶቹ በኩል ተነሣችና «የኔን እንዳታጠፉ! ስሞት እንዲህ የሚያለቅስልኝ ካለ እንዲማርበት ይቀመጥ» አለች። ሌሎቹም የኔስ፣ የኔስ ታየ ወይ እያሉ ጋቢውን ከበቡት። ጉባኤው ፈረሰ ስል አያ ፈንታ ከጋቢው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ጉሮሮውን ጠረገና ፈረደ።

«ፊልሙ ይቆይ። በላይነሽም ትቆይ። ነገር ግን እድሩ ለዚህ ቤት ደቦ ፈትቶ፣ ሸለቆ ወርዶ፣ እንባውን አፍስሷል። ይኼ አንድ ለቅሶ ተብሎ ተቆጥሯል። ከዚህ ቤት ቀድሞ ለሚሞተው ዳግመኛ አንወጣም። ለሁለተኛው እንደ ደንቡ።» ሊቀመጥ ሲል ወደ ማስተዋል ጠጋ ብሎ «ማጭዴን ግን አውጪልኝ፤ ፈንታ ለቅሶ ማጭድ ይዞ ሄደ እንዳልባል» አላት።

ሰው ሳቀና ተበተነ። በማግስቱ ሰኞ ወደማዶ ሄደን፣ እኔም ማስተዋልም ሠልጣኞቿም፣ ገብሱን እስኪመሽ አጨድን። አልዘነበም፤ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም።

እኔን ግን ፍርዱ እንቅልፍ ነሣኝ። ቤታችን ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ነን። ሁልጊዜ የምጸልየው እኔ እንድቀድም ነው። አሁን ከቀደምኩ ያለ ቀባሪ ልቀር ነው። እሷ ትቅደም እንዳልል አፌ ይቆረጥ! ለማስተዋል ስነግራት «እንግዲህ መሞት ተከልክለናል ማለት ነዋ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጨው ቀነስኩ፣ ብርድ ሲሆን ካልሲ አደርጋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ፊልሙን ልታሳይ መንገድ ጀመረች። እንደ ልማዷ ተነሣሁ ብላ ደወለች፣ እንደ ልማዱ ስልኳ ተዘጋ። እኔም እንደ ልማዴ ደብራችን ሄጄ ጧፍ አበራሁ። በፊት የምለው ይጠፋኝ ነበር፤ አሁን ግን መከራከሪያ አለኝ። «ጌታዬ፣ ለማስተዋል ተለቅሷል። እድሩ መስክሯል፣ አያ ፈንታ ሳይቀር አልቅሷል። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስምና ይኼን ቁጠርልኝ» አልኩት።

ሲመሽ ስልኳ ተከፈተ።

ላልሞተ ማልቀስ ሟርት ነው ይላሉ። ይበሉ። ልጃችሁ መንገደኛ የሆነችባችሁ እናቶች ግን ምክሬን ከፈለጋችሁ፣ ቀድማችሁ በደንብ አልቅሱላት። ማዶ ደቦ አለመኖሩን ብቻ አጣሩ።