ቅድመ አያታችን ከምሥራቅ እንዲመጡ የተወሰነበት ስብሰባ

የቤተሰባችን የፍልሰት ታሪክ አጣሪ ኮሚቴ ስድስተኛ መደበኛ ስብሰባ የተጠራው እሁድ ጥቅምት 16 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነበር። የተጀመረው ግን በአራት ሰዓት ተኩል ነው። ሊቀመንበሩ ደወሉን መኪና ውስጥ ረስቶ፣ ያለ ደወል አልጀምርም ስላለ ግማሽ ሰዓቱ ባክኗል።

ቦታው ቅድመ አያታችን የሠሩት ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ነው። ቤቱ ይህ ክፍልና አንድ ጓዳ አለው። የኋላ ግድግዳው እስከ ዛሬ አልተለሰነም። ለካርታው ጠረጴዛ ቦታ እንዲገኝ የእታለም አልጋ ወደ በረንዳ ወጥቷል።

የተገኙ አባላት፦
1. ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የሟች ታላቅ ወንድማችን ልጅ — ሊቀመንበር
2. ልብስ ሰፊዋ፣ የሊቀመንበሩ እኅት — የካርታ ክፍል ኃላፊ
3. የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ የታናሽ እኅታችን ልጅ — የመንገድ አማካሪ
4. እታለም፣ የጸሐፊው ታላቅ እኅት — አባል። የተገኙት እዚሁ ስለሚኖሩ ነው።
5. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ

በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አራት መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው አምስት አባላት ሲገኙ ነው። አምስት ተገኝተዋል። ደንቡን ያረቀቀው ጸሐፊው ራሱ ሲሆን እስከ ዛሬ ስሕተት አልተገኘበትም።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሊቀመንበሩ በአምስተኛው ቃለ ጉባኤ ላይ «ሊቀመንበሩ ጮኸ» የሚለው «ሊቀመንበሩ አጽንኦት ሰጠ» ተብሎ እንዲታረም ጠየቀ። ጸሐፊው ጩኸት ጩኸት ነው በማለት አልተቀበለም። ሊቀመንበሩ በዚህ ላይ አጽንኦት ሰጠ። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። ቃለ ጉባኤው እንዳለ ጸድቋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ቅድመ አያታችን የመጡበትን አቅጣጫ መወሰን

ልብስ ሰፊዋ ካርታው ላይ በመርፌ ቁልፍ የያዘችውን ቀይ ክር አሳይታ፣ ጉዞው ከምሥራቅ ተነሥቶ በወንዙ ዳር አድርጎ እዚህ ቤት እንደሚደርስ አስረዳች። ክሩ ቤቱን አልፎ አራት ጣት ያህል የተረፈው ለምን እንደሆነ ተጠይቃ፣ ለእጥፋት የተተወ ነው ብላለች።

ሹፌሩ ተቃወመ። በዚያ በኩል ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ ድልድዩ የአንድ መኪና ነው፤ ተሳቢ ይዞ አይታለፍም አለ። ቅድመ አያታችን መኪና እንዳልነበራቸው ከጸሐፊው ሲነገረው «ጋሼ፣ እግርም ቢሆን ዳገት አይወድም» ሲል መለሰ። በእሱ አስተያየት የመጡት ከምዕራብ ነው። እዚያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ማረፊያም አለው።

ሊቀመንበሩም ምዕራብን ደገፈ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ከምዕራብ የሚመጡ ሰዎች ቁም ነገረኞች ናቸው አለ። ልብስ ሰፊዋ «አንተ የምዕራብ ሚስት ስላገባህ ነው» አለችው። ይህ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑ ተነግሯት፣ ከአጀንዳ ውጭ ቢሆንም እውነት ነው ብላ ቃሏን ለማንሣት እንቢ አለች።

ከብዙ ውይይት በኋላ ድምፅ ተሰጠ። ለምሥራቅ ልብስ ሰፊዋና ጸሐፊው፣ ለምዕራብ ሊቀመንበሩና ሹፌሩ። በዚህ ጊዜ እታለም መጋረጃውን ለመሳብ እጃቸውን ሲያነሡ ስለታዩ ለምሥራቅ ተቆጥረዋል። ሆኖም የተሸነፈው ወገን ቅር እንዳይለው፣ ቅድመ አያታችን ከምሥራቅ ተነሥተው መጀመሪያ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ፣ እዚያ ሳይመቻቸው ቀርቶ ወደዚህ እንዲመለሱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ የመጡበት ምክንያት

ሊቀመንበሩ ተጠርተው ነው የመጡት አለ። በማን ተጠርተው ሲባል፣ ይህ ወደፊት በጥናት የሚረጋገጥ ነው አለ። ሹፌሩ ሰው ይህን ሁሉ በእግሩ የሚሄደው ሲያባርሩት ነው ሲል፣ ሊቀመንበሩ ደወሉን ሁለት ጊዜ መታ። ልብስ ሰፊዋ እታለም ይጠየቁ የሚል ሐሳብ አቀረበች። ጸሐፊው አንቀጽ ሰባትን አነበበ። አንቀጹ «ኮሚቴው የጽሑፍ እንጂ የቃል ማስረጃ አይቀበልም» ይላል። እታለም የጽሑፍ ማስረጃ የላቸውም። ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።

ከብዙ ውይይት በኋላ ቅድመ አያታችን በገዛ ፈቃዳቸው፣ ነገር ግን በጥድፊያ እንደመጡ ተወስኗል።

አጀንዳ አራት፦ ቤቱን መታሰቢያ ስለማድረግ

ሊቀመንበሩ አቅጣጫውም ምክንያቱም ስለታወቀ፣ ቤተሰቡ የፍልሰቱ መታሰቢያ ቤት እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ይህ ክፍል ጎብኚ እንዲያየው በገመድ ይታጠራል፤ ካርታው ይሰቀላል፤ የኋላ ግድግዳው ይለሰናል። ሰው ሊኖርበት ስለማይችል እታለም ወደ ሊቀመንበሩ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ይዛወራሉ።

ሹፌሩ የእታለም ጉልበት ደረጃ እንደማይችል ተናገረ። ሊቀመንበሩ ሊፍቱ ሊጠገን ነው አለ። ሊጠገን ነው ከተባለ ስንት ዓመቱ ሲባል፣ ጥያቄው ለቤቶች ማኅበሩ እንዲመራ አደረገ። ልብስ ሰፊዋ ግን በበኩሏ ለእታለም ሌሊት ሌሊት እንደምትሰጋ፣ ብቻቸውን ወድቀው ማንም ሳይሰማ ቢቀሩ ለራሷ ይቅርታ እንደማታደርግ ገለጸች። ይህን ስትናገር ወደ ካርታው እንጂ ወደ እታለም አላየችም።

እታለም በስድስት ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «የምታዛውሩት እኔን ነው ወይስ አልጋዬን? አልጋዬማ ወጥቷል» አሉ። ሊቀመንበሩ፣ እታለምን ከዚህ የሚያስወጣ ማንም የለም፣ ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት ሲል፣ «ቤቴ ይሄ ነው፤ ያንተ ቤት የሚስትህ ነው» አሉት። ይህም ከአጀንዳ ውጭ መሆኑ ተነግሯቸዋል።

ድምፅ ተሰጠ። ሹፌሩም በሌሊቱ ስጋት ስለተስማማ ሦስት ደገፉ፤ እታለም ተቃወሙ። ጸሐፊው እዚሁ ቤት ውስጥ ስለተወለደ በጉዳዩ ጥቅም አለው፤ ስለዚህ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። እታለም ጸሐፊውን ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «አንተ ልጅ፣ ዝም አልክ?» አሉት። ጸሐፊው ሰባ ሁለት ዓመቱ መሆኑ ይመዝገብ። ደንብ ደንብ ነው ሲል መለሰ። እታለም ተነሥተው ጓዳ ገቡ።

ሊቀመንበሩ ወደ አጀንዳ አምስት እንለፍ ሲል፣ ጸሐፊው ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አስታወቀ።

ሊቀመንበሩ «ጋሼ፣ ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ እኮ» አለ። ጸሐፊው አንቀጹ «ሲገኙ» እንጂ «ሲሰሙ» እንደማይል አመለከተ። ሊቀመንበሩ የጓዳው በር ከተከፈተ ጓዳውም የስብሰባው ክፍል አካል ነው የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ፣ ሹፌሩ በሩን እንዲከፍት አዘዘ። ሹፌሩ ከፈተ። እታለም ዘጉት።

እታለም ከውስጥ ሆነው፣ ለመሆኑ እኔ አባል የሆንኩት መቼ ነው ሲሉ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለ። እታለም «ማን ጠየቀኝ? ወንበር ጨምሪ፣ ውኃ አምጪ ነው የተባልኩት» አሉ። ጸሐፊው አንቀጽ ሁለትን አነበበ፤ «አባል የሚሆነው ተጠይቆ ፈቃዱን የገለጸ የቤተሰቡ ተወላጅ ነው» ይላል። ተጠይቀው እንደሆነ ጸሐፊው አባላቱን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሹፌሩ ሊቀመንበሩ የጠየቃቸው መስሎት ነበር። ሊቀመንበሩ ልብስ ሰፊዋ የጠየቀቻቸው መስሎት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጸሐፊው የጠየቃቸው መስሏት ነበር። ጸሐፊውም አልጠየቀም።

ስለዚህ ስድስቱም ስብሰባዎች የተካሄዱት በአራት ሰው መሆኑ ተረጋገጠ። ሊቀመንበሩ ለእታለም ወደ ኋላ የሚቆጠር አባልነት እንሰጣቸዋለን አለ። ጸሐፊው አይቻልም አለ። ሊቀመንበሩ «ጋሼ፣ ስንት እሁዳችን ገደል ይግባ?» አለ። ጸሐፊው ይግባ አለ።

በዚህ መካከል ሹፌሩ ወደ ጓዳው በር ተጠግቶ «እታለም፣ እንደው ለነገሩ፣ ከየት ነው የመጡት?» ሲል ጠየቀ። እታለም፣ ያንን መንገድ ሕፃን ሆነው በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የመጡት አያታቸው እሳቸው ልጅ ሳሉ እየደጋገሙ እንደነገሯቸው፣ ጣቢያ በጣቢያ እንደሚያውቁት፣ ግድግዳው ለምን እንዳልተለሰነም እንደሚያውቁ ተናገሩ። ልብስ ሰፊዋ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ስትል፣ «ደንባችሁ ያፍ ወሬ አይቀበልም ተባልኩ። አሁንም ኮሚቴ እስከሆናችሁ ድረስ አልናገርም» አሉ።

ከብዙ ውይይት በኋላ ኮሚቴው ውሳኔዎቹን በሙሉ ለመሻር ተስማማ። ጸሐፊው ግን መሻርም ውሳኔ ስለሆነ፣ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል አለ። ሊቀመንበሩ ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ጓዳው በር ላይ ቆማ እታለምን አባል ለመሆን ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠየቀች። ይህ በስድስት ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እታለም «ለአንድ ድምፅ ብቻ» ብለው ወጥተው ተቀመጡ።

ውሳኔ፦ ኮሚቴው እስከ ዛሬ የወሰነው ሁሉ፣ ምሥራቁም፣ ምዕራቡም፣ ጥድፊያውም፣ መታሰቢያ ቤቱም፣ እንዲሁም አንቀጽ ሰባትና ኮሚቴው ራሱ በአምስት ድምፅ ተሽረዋል። ጸሐፊው በዚህኛው ድምፅ ሰጥቷል። እታለም ከአባልነት ለቀዋል።

ስብሰባው ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተዘግቷል። ደወል አልተደወለም።

እታለም መጀመሪያ አልጋዬን አሉ። ሊቀመንበሩና ሹፌሩ አልጋውን ከበረንዳ ወደ ቦታው መለሱ። እታለም ላዩ ላይ ተቀምጠው ካርታውን እንዲያቀርቡላቸው አዘዙ፤ ቀዩን ክር ጥቂት ጊዜ አይተው «ይሄ አጭር ነው» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ሌላ ክር አወጣች።

ከዚያ በኋላ የተነገረው ከስብሰባው ውጭ ስለሆነ እዚህ አልተመዘገበም። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ «ይደገምልኝ» ማለቱም እንዲሁ።