የሳምንቱ ግብ እኔ ነኝ
ግብ የምታወጣ የልጅ ልጅ አለቻችሁ? ከሌለቻችሁ በሰላም ተቀመጡ። የኔዋ ሂክማ ሁለተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ እያንዳንዱን ልጅ የሳምንት ግብ ታስወጣለች፤ ግቡን ለመታ አርብ ጠዋት ግድግዳው ላይ ኮከብ ትለጥፍለታለች። ሌላው ልጅ ማባዛት ሲመርጥ ይቺ ገና ፊደል የምቆጥረውን እኔን መረጠች፤ «አባባን ክፍል ፊት አስነብባለሁ» ብላ።

«ሳትጠይቂኝ?» አልኳት።

«ግቡ የኔ ነው። የእርስዎ ማንበብ ብቻ ነው።»

ኮከቧ ከምትቀር ብዬ አርብ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። እዚያ ክፍል አንዱ ያነበበውን ሁሉም ተቀብሎ ይጮኻል። አንዱን መስመር እንደምንም ተወጣሁ፤ ሁለተኛው ላይ አንዲት ረጅም ቃል ያዘችኝ። «ወላሂ ይቺ አትነበብም» አልኩ ለራሴ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ «ወላሂ ይቺ አትነበብም።»

ሳልኩ፤ ሳሉ። አስተማሪዋ ስትስቅ እልህ ያዘኝና ቃሏን ፊደል በፊደል ታግዬ ጣልኳት። ኮከቡ ተለጠፈ።

በፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል ወደ ቤት ስንመለስ ሂክማ «ሰኞ ደግሞ ማባዛት ነው» አለችኝ።

«አልመጣም» አልኳት። «የፊቱን ወንበር ግን ያዢልኝ፤ ከኋላ አይታየኝም።»