የዳውርን ስም ያሳደዱት አባባ ኤንከባት

አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ የሚያውቅ ሰው ቁጭ ማለት አይችልም። አባባ ኤንከባትን ያየ ይመሰክራል። በሰሜን ቻይና፣ እኛ ዳውሮች በምንኖርባት በኒርጂ ከተማ፣ «ዳውር የሚለው ስማችን ከየት መጣ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸው ግን መመለስ ከጀመሩ ሃያ ዓመት ሆናቸው።

ሰኞ ድሮ በዚህ ምድር ከነገሡት ከኪታኖች ገዢ ጎሳ የወረስነው ነው ይላሉ። ሐሙስ ደግሞ «የድሮው መንደር» ማለት ነው ብለው ይምላሉ። የሰኞውን የሚያስታውሳቸው ወየውለት! «ሰኞ መቼ አንብቤ ጨረስኩና!»

የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ኩምቢል የምንለው የዱር ጎመን ወጥ እስኪቀዘቅዝ ቆመው አስተማሩን። የዳውሮች የገና ጨዋታ ፍጻሜ ዕለት ሩሯ ወደ ጎል ስትበር ሜዳ ገብተው ዳኛውን «ለመሆኑ የማን ጎሳ ነህ?» አሉት። እኔም፣ ይቅር ይበለኝና፣ በሬን ሲያንኳኩ ቁም ሣጥን ውስጥ የተደበቅሁበት ቀን አለ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ወደቀች። ሆስፒታል ስትነቃ ቻይንኛዋ ጠፍቶ ዳውርኛዋ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሟ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ትላለች፤ እናቴ ትመልሳለች፤ ሐኪሟ እኔን ታያለች፤ እኔ ግድግዳውን። በቻይንኛ የሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። የኔ ዳውርኛ ከምግብ ስምና ከስድብ አያልፍም።

ወደ አባባ ኤንከባት ቤት ሮጥኩ። የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ ተከተሉኝ። መንገድ ላይ ስለ ስማችን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ጆሯቸውን ወደ እናቴ አፍ አስጠጉ። «ይህን ጉሉኮስ ከተከላችሁልኝ ወዲህ ገላዬን ያሳክከኛል፣ ደረቴም እየታፈነ ነው ትላለች። ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ንቀሉላት!»

ሐኪሟ ነቅላ ሌላ መድኃኒት ወጋቻት። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አባባ ኤንከባት እያስተረጎሙላት ዘጠኝ ቀን ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ አንድ እግራቸው ብቻ እየተርገበገበ። በዘጠነኛው ቀን ድፍረት አገኘሁና እናቴን በቋንቋዋ ውሃ ላምጣልሽ አልኳት።

አባባ ኤንከባት ዘለው ተነሡ። «ላምጣልሽ? ያልካት እኮ ‹ውሃ ልድፋብሽ› ነው! ከጉሮሮህ አውጣው፣ ከጉሮሮህ!»

እናቴ በአንዱ የአፏ ጠርዝ ሳቀች። «ተወው፣ ይድፋብኝ» አለች።

ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። የሽማግሌውን መላጣ ይዤ ሳምኩት።

«ተወኝ ባክህ!» አሉ እየገፈተሩኝ። «ይልቅ እንደገና በላት!»